ንፍፊቱ ስሙን እስኪያገኝ

ጳጉሜን ነበር። ለእንቁጣጣሽ ሹሩባ ልሠራ ጎረቤታችን እትዬ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። እትዬ ሲሠሩ ያወራሉ። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የምሰማው በዓመት ሁለት ሦስቴ፣ ፀጉሬ እጃቸው ሲገባ ነው። የዚያን ቀን ግን ወሬያቸው መሃል ላይ ተቋረጠ። ጣታቸው ከግራ ጆሮዬ ጀርባ፣ ወደ አንገቴ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ንፍፊት አውጥተሻል እኮ» አሉኝ።

እጄን ሰድጄ ነካሁት። ሽንብራ ያህላል። ጫን ሲሉት ያማል። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ትንሽዬ አለ።

«ሹሩባ ሲጠብቅ ያወጣል። ላላ አድርጌ እሠራልሻለሁ» አሉና ቀጠሉ።

እትዬ ያሉት ከእውነት የራቀ አልነበረም። አገራችን ያደገ ሰው ንፍፊትን ያውቀዋል። እግራችን እሾህ ወግቶት ሲያመረቅዝ ብሽሽታችን ላይ ይወጣል። ጥርሳችን ሲታመም አገጫችን ሥር ይወጣል። የራስ ቆዳ ሲቆስል ከጆሮ ጀርባ ይወጣል። በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ ያሉ 600 ያህል ትንንሽ እጢዎች አሉ። ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ ይሏቸዋል። ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ ከቆዳና ከሥጋ ተሰብስቦ ወደ ደም ሲመለስ የሚያልፍባቸው ኬላዎች ናቸው። ባዕድ ነገር ሲመጣ ኬላው ላይ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች ይራባሉ፤ እጢው ያብጣል። ጦርነቱ ሲያልቅ ይሟሽሻል። አብዛኛው ንፍፊት ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል።

የኔ አላበቃም። እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀልም ደረሰ። ሽንብራው ባቄላ አከለ። ማታ ማታ ያተኩሰኝ ጀመር። ሌሊት ትራሴ በላብ ይርሳል። ሥራ ቦታ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል። 27 ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ከጉንፋን ሌላ ታምሜ አላውቅም።

ያኔ ያየኝ ሰው ሁሉ ስም ያወጣለት ነበር። እማዬ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ። የቢሮ ጓደኛዬ «ጆሮ ደግፍ ይሆናል፣ ልጆቼም ይዟቸው ነበር» አለችኝ። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ለአንድ ሳምንት የሚሆን አሞክሳሲሊን ሰጠኝ። አጎቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ አንገቴን አየና «እንቅርት ነው እንዴ?» አለ። እንቅርት ከፊት ለፊት፣ ማንቁርት አካባቢ የሚወጣ የሌላ እጢ ነገር ነው። ግን ማንም በክፋት አላለውም። ስም ሲገኝ መድኃኒቱም አብሮ ይመጣል ብለው ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

አሞክሳሲሊኑ አልቆ ምንም ለውጥ ሲጠፋ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። በቀጭን መርፌ ከእጢው ናሙና ወሰዱ። ከደም መቅዳት እምብዛም አይብስም። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ወረቀቱ ላይ የሞተ ሕብረ ሕዋስ መታየቱ፣ የቲቢ ባክቴሪያ ግን አለመታየቱ፣ ቢሆንም ቲቢ ሊታሰብ እንደሚገባ ተጽፏል። ሐኪሙ አንብቦ ቀና አለ።

«የእጢ ቲቢ ነው። አትጨነቂ፤ ይድናል» አለኝ።

በዚህ ሐኪም አልፈርድም። ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ አልፈርድም። በኢትዮጵያ ከቲቢ ታማሚዎች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው በሽታው ያለበት ከሳንባ ውጪ ነው። ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የእጢ ቲቢ ነው። አንገቷ ያበጠ፣ ማታ የምታተኩስ፣ ክብደቷ የቀነሰ ወጣት ሴት አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም ፊት ስትቀመጥ፣ መጀመሪያ ቲቢ ብሎ የማያስብ ሐኪም እሱ ነው የሚያስፈራኝ። በመርፌ የተወሰደ ናሙና ላይ ባክቴሪያው አለመታየቱም ብዙ አይናገርም። በእጢ ቲቢ ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ጥቂት ስለሆነ በማይክሮስኮፕ አይገኝም።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ ተላክሁና መድኃኒት ጀመርኩ። በነፃ ነው። መጀመሪያ ለ2 ወር አራት መድኃኒት በአንድ ክኒን፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል። ከዚያ ለ4 ወር ሁለቱ ብቻ። ክብደቴ 51 ኪሎ ስለነበር በቀን 3 ፍሬ ደረሰኝ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሄጄ ነርሷ ፊት እውጣለሁ። ነርሷ በመጀመሪያው ቀን «ሽንትሽ ይቀላል፣ እንዳትደነግጪ» ብላኛለች። ሪፋምፒሲን ነው የሚያቀላው። ቢነገረኝም መጀመሪያ ሳየው ጉልበቴ ከድቶኝ ነበር።

አሁን ስለ ብርጭቆው ልንገራችሁ።

ቤታችን ውስጥ የእህቴ ሕፃን አለ። መድኃኒት በጀመርኩበት ማታ ለራሴ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ማንኪያ ለየሁ። ማንም አላዘዘኝም። ብርጭቆው ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። እማዬ ክሩን አየችው፤ ምንም አላለችም። በማግስቱ ግን ብርጭቆዬን ከሌላው ለይታ ስታጥብ አየኋት። ሕፃኑን መሳም ተውኩ። ወደኔ ሲድህ ተነስቼ ክፍሌ እገባለሁ። ሳንባዋ ንጹሕ የሆነ፣ ቲቢው እጢዋ ላይ ብቻ ያለ ሰው በሽታውን በትንፋሽ አታስተላልፍም። የሳንባ ቲቢም ቢሆን በብርጭቆና በሰሃን አይተላለፍም። ይህን ነርሷ ነግራኛለች። በጭንቅላቴ ገብቶኛል። እጄ ግን ክሩን አልፈታም።

መድኃኒቱን ለ6 ሳምንት አንድ ቀን ሳላጓድል ወሰድኩ። እጢዎቹ ከሁለት ወደ አምስት ሆኑ። ትልቁ ትንሽ ሎሚ አከለ። ትኩሳቱ እንዳለ ነው። ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። «መድኃኒቱ ሥራ ሲጀምር አንዳንዴ እጢ ይብሳል፤ ቀጥዪ» አለኝ። ይህም እውነት ነው። በእርግጠኛው ቲቢም በሕክምና መሃል እጢው ሊያብጥ ይችላል፤ ሰውነት ከሞተው ባክቴሪያ ጋር የሚያደርገው ትግል ነው። ታዲያ ማን በምን ይለያቸው? ከውጪ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ ያበጠ አንገትና የሚያተኩስ ሰውነት።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ደወለች። ነርስ ናት። እንዳወራላት ጠየቀችኝና ዝም ብላ ሰማችኝ። «ከፍ ያለ ሐኪም ቤት ሂጂ። እጢውን አውጥተው ይዩት በያቸው። ሙሉውን» አለችኝ። እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። እሷ እየጾመች ለኔ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ትጠብሳለች። ሽታው ጾምሽን አያስፈታሽም ወይ ስላት «የኔን ተይው፤ አንቺ ብዪ» ትለኛለች።

አዲሱ ሐኪም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነበሩ፤ በዕድሜ ጠና ያሉ። አንገቴን ብቻ አላዩም። ብብቴን፣ ብሽሽቴን ዳሰሱ። ሆዴን በግራ በኩል ጫን ብለው ጣፊያዬ ማበጡን አለማበጡን አዩ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። መገጣጠሚያሽን ያምሻል? አፍሽ ውስጥ ይቆስላል? ፀሐይ ሲነካሽ ፊትሽ ላይ ሽፍታ ይወጣል? ፀጉርሽ ይረግፋል? ድመት ቧጥጦሽ ያውቃል? ወደ ሁመራና መተማ አካባቢ ሄደሽ ታውቂያለሽ? የመጨረሻው ካላዛርን ፈልገው እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። በዚያ ቆላ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም እጢ ያሳብጣል። ደም አዘዙ። የኤችአይቪ ምርመራዬ ነጻ ነው። ነጭ የደም ሴሌ ግን 2,900 ሆኖ ተገኘ፤ ቢያንስ 4,000 አካባቢ መሆን ነበረበት።

«መርፌው አይበቃንም። አንዱን እጢ ሙሉውን አውጥተን እንየው» አሉ።

ለምን እንደማይበቃ ጠየቅኳቸው። ደስ ብሏቸው አስረዱኝ። መርፌው የሚያወጣው የተበታተኑ ሴሎችን ነው። ከፈረሰ ቤት ሁለት ድንጋይ አንስተሽ ብታዪ ቤቱ ስንት ክፍል እንደነበረው አታውቂም አሉኝ። እጢ ደግሞ ክፍሎች አሉት። በሽታው የትኛውን ክፍል እንዳፈረሰና የትኛውን እንደተወ ካልታየ መልስ የለም።

ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነበር። ቦታውን አደነዘዙትና እኔ ነቅቼ ሳለ አወጡት። ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሲጨርስ ቀዶ ሐኪሙ «ትከሻሽን ወደ ላይ አንሺ» አለኝ። አነሳሁ። ፈገግ አለ። በዚያ የአንገት ክፍል ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ ትከሻን የሚያነሳ ነርቭ ያልፋል። ያ ነርቭ ከተነካ እጅ ወደ ላይ ማንሳት ይቸግራል። ስለዚህ ነው «እዚያች ትንሽ እጢ ላይማ» ብሎ ማንም እጁን የማያስገባው።

ውጤቱን 9 ቀን ጠበቅን። ወረቀቱ ላይ ሊምፎማ ሊሆን እንደሚችል፣ ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። ሊምፎማ የእጢ ካንሰር ነው። ታክሲ ውስጥ አነበብኩት። ወራጅ ማለት ረስቼ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

እማዬ የዚያን ማታ ቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። ጮክ ብላ አልተሳለችም። ከመኝታ ቤቷ ስትንሾካሾክ ሰማኋት።

ሐኪሜ ግን ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው «ይሄ ጥርጣሬ ነው፤ ውሳኔ አይደለም። ሌላ ዓይን ይየው» አሉኝ። ከመጀመሪያው ላቦራቶሪ ስላይዶቹንና ብሎኩን ተቀበልኩ። ስላይድ ማለት ስስ የሥጋ ቁራጭ የተለጠፈበት መስታወት ነው። ብሎክ ማለት ሥጋው በሰም ተቀብሮ የተቀመጠበት ትንሽ የፕላስቲክ ማቀፊያ ነው። የክብሪት ቀፎ ያህል አይሆንም። የራሴን እጢ በቦርሳዬ ይዤ ከተማውን አቋረጥኩ። በየመንገዱ ቦርሳዬን በእጄ እየዳበስኩ አለመውደቁን አረጋግጣለሁ።

ሁለተኛዋ ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ከሰውነት የወጣ ሥጋን በማይክሮስኮፕ አይተው በሽታውን የሚለዩት ሐኪም፣ እናት የሚሆኑ ሴት ነበሩ። ውጤቱን ለመቀበል ብቻ ሄጄ «እኔም ማየት እችላለሁ?» ብዬ አፌ አመለጠኝ። አልተቆጡም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያይበት የማስተማሪያ ማይክሮስኮፕ ነበራቸው። «ነይ የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

ዓይኔን ስጠጋ ሐምራዊና ሮዝ ነገር አየሁ። ቀለሙ ሥጋው እንዲታይ የሚቀቡት ነው። «ይሄ ጤነኛው ክፍል ነው፤ ሐምራዊ ነጠብጣቦቹ ተራ ነጭ ሴሎች ናቸው» አሉ። መስታወቱን ትንሽ ገፋ አደረጉት። ነጠብጣቦቹ ጠፉ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ መሬት መጣ፤ ላዩ ላይ ብዙ ጥቁር አቧራ ተበትኗል። «አቧራ የመሰለሽ የሞቱ ሴሎች ፍርስራሽ ነው። አሁን የሌለውን ፈልጊ» አሉኝ። ምን እንደምፈልግ አላወቅኩም። «ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እንዲህ ያለ ሞት ባለበት ቦታ መግል ሆነው ይሞላሉ። እዚህ አንድም የለም። የቲቢን ቅርጽም ፈልጌ አጣሁ። እነዚህን ግን እያቸው» ብለው በቀስቱ አንዳንድ ሴሎችን አሳዩኝ። መሃላቸው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አለው። ፍርስራሹን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ከአጠገባቸው ደግሞ ትልልቅ፣ የተቆጡ የሚመስሉ ሴሎች አሉ። የመጀመሪያውን አንባቢ ወደ ሊምፎማ የመሩት እነዚህ ናቸው አሉኝ። «እኔም ወጣት ሆኜ ባየው ኖሮ እንደሱ እጽፍ ነበር።»

ከዚያ ከጠረጴዛቸው ቁራጭ ወረቀት አንስተው ጻፉልኝ። ኪኩቺ።

ወረቀቷ አሁንም አለችኝ።

ማሳሂሮ ኪኩቺ ጃፓናዊ ፓቶሎጂስት ነበሩ። በ1972 እንደ ፈረንጆቹ ይህን በሽታ ጽፈው አሳወቁ። በዚያው ዓመት ፉጂሞቶ የሚባሉ ሌላ ጃፓናዊና ባልደረቦቻቸው፣ ከኪኩቺ ተለይተው፣ ያንኑ ጻፉ። ስለዚህ ኪኩቺ ፉጂሞቶ ይባላል። በብዛት የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን ነው። በእስያ ይበዛል፤ ግን በሌላው ዓለምም ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው አንገት ላይ፣ በተለይ ከኋላ በኩል ነው። መነሻው በእርግጠኝነት አልታወቀም። ሰውነት ለአንድ ቫይረስ ወይም ለሌላ ነገር ከልክ በላይ ሲቆጣ እንደሚመጣ ይታሰባል። ነጭ የደም ሴል መቀነሱ፣ ትኩሳቱ፣ የሌሊቱ ላብ ሁሉ የሱ ነው። አይተላለፍም። ካንሰር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ከ100 ሰው 3 ወይም 4 ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ሐኪሜ ከወጣው እጢ ላይ የጂን ኤክስፐርትና ሌላ የቲቢ ምርመራ አሠርተው ነበር። ሁሉም ነጻ ሆነ። እሳቸው ራሳቸው ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግረው መድኃኒቱን አስቆሙኝ። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ይህን አንብቦ የቲቢ መድኃኒቱን በራሱ የሚያቆም ሰው እንዳይኖር እለምናለሁ። እኔን ያስቆመኝ እጢው ተከፍቶ መታየቱ ነው። «አልተሻለኝም» ብሎ ማቆም ቲቢውን መድኃኒት የማይበግረው ሊያደርገው ይችላል።

«ታዲያ ለዚህኛው ምን ልውሰድ?» አልኳቸው።

«አይቡፕሮፌን፣ ሲያምሽና ሲያተኩስሽ። ከባሰብሽ ፕሬድኒሶሎን አለ፤ አያስፈልግሽም ብዬ አስባለሁ። በተረፈ ጠብቂ» አሉኝ።

እማዬ አብራኝ ነበረች። ከክፍሉ ስንወጣ እጄን ያዘችና «ይሄን ሁሉ ተንከራትተን ዝም ብላ ትጠብቅ ነው የሚሉት?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያለውን አልረሳውም፤ ደስታ ይሁን ቅሬታ እሷም አላወቀችውም። ሦስት ወር ሙሉ ስም ስንፈልግ የነበረው ከስሙ ጋር መድኃኒት ይመጣል ብለን ነው። የመጣው ስም ግን ክኒን የለውም። የሰጠኝ ነገር ማቆም የመቻል ፈቃድ ነው። ጠዋት ጤና ጣቢያ መሄዱን አቆምኩ። ካንሰር ነው ብሎ ሌሊት መንቃቱን አቆምኩ። ያን ማታ ቤት ገብቼ ከብርጭቆው ላይ ክሩን ፈታሁ። ሕፃኑን አንስቼ አንገቱ ሥር ሳምኩት። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር።

እማዬ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄደች። ስለቷን አስገብታ፣ የአቧራና የጧፍ ሽታ ይዛ ተመለሰች። «ገብርኤል ነው ያበራላቸው ለሴትየዋ» አለችኝ፤ ለፓቶሎጂስቷ ማለቷ ነው። እኔም አሜን አልኳት።

እጢዎቹ ሳይታወቁኝ ነው የሄዱት። ሎሚው ባቄላ ሆነ፣ ባቄላው ሽንብራ። ትራሴ ሌሊት ደረቅ ሆኖ ማደር ጀመረ። ለጥምቀት ከጃንሜዳ ስመለስ፣ በዚያ ፀሐይ ግማሽ መንገድ በእግሬ መጥቼ፣ እንዳልደከመኝ ቤት ስገባ ነው ያስተዋልኩት።

በዚያ የመጠበቂያ ጊዜ ብዙ አነበብኩ። ኪኩቺ ብቻውን አይደለም። አንገት የሚያሳብጡ፣ ሐኪሞችም ራሳቸው በሥራ ዘመናቸው አንዴ ሁለቴ የሚያዩዋቸው ብዙ በሽታዎች አሉ። ሮሳይ ዶርፍማን የሚባለው የልጆችና የወጣቶችን አንገት እጅግ አግዝፎ ያሳብጣል፤ ብዙ ጊዜ አያምም። ሁዋን ሮሳይና ሮናልድ ዶርፍማን በ1969 ነው የጻፉት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ትልቅ ሴል ሌሎች ሴሎችን በሕይወታቸው ሆዱ ውስጥ ይዞ ይገኛል። ኪሙራ የሚባልም አለ፤ ይበልጥ የእስያ ወንዶችን ነው የሚይዘው።

ከሁሉም ሌሊት ያሳደረኝ ካስልማን ነው። ቦስተን የሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ፓቶሎጂስት ቤንጃሚን ካስልማን በ1950ዎቹ የገለጹት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲወጣ ቆርጦ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብዙ ቦታ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ኢንተርሉኪን 6 የሚባል የሰውነት መልእክተኛ ከመጠን በላይ ይፈሳል፤ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሳንባ ይደክማል። አንዱ ዓይነት ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ይበልጥ ያሰጋል። መነሻው የሄርፒስ ዘመድ የሆነ ቫይረስ ነው። ይህ ለእኛ አገር ሐኪሞች ሩቅ ወሬ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ዴቪድ ፋይገንባም የሚባል አሜሪካዊ በ2010 የሕክምና ተማሪ ሳለ ይህ በሽታ ጣለው። ደጋግሞ ሞት አፋፍ ደረሰ፤ ቄስ መጥቶ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሰለት። ያለው መድኃኒት አልሠራለትም። ከሞት ሲመለስ የራሱን ደም ናሙናዎች ማጥናት ጀመረ። አንድ ነገር ከልክ በላይ እንደሚሠራ አየ። ያንን የሚያግድ መድኃኒት ደግሞ ቀድሞ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ሲሮሊመስ፣ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች የሚሰጥ። በ2014 መውሰድ ጀመረ። ዛሬም በሕይወት አለ፤ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና ተመራማሪ ነው። ለብዙ ዓመታት ለሌላ በሽታ ሲታዘዝ የኖረ ክኒን እሱን አዳነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ታሪክ የላከችልኝ እኔን ለማበርታት ነበር። እኔ ግን ያነበብኩት እያለቀስኩ ነው። የኔ ስም ኪኩቺ ሆኖ ካስልማን አለመሆኑ የኔ ብልሃት አይደለም። ከውጪ ሲታይ የሱም ንፍፊት፣ የኔም ንፍፊት።

አንድ የቃል ነገር ልጨምር። እንዲህ ያሉ በሽታዎችን በአማርኛ «ብርቅዬ በሽታ» የሚሉ ጽሑፎች አይቻለሁ። ጆሮዬ አልተቀበለውም። ብርቅዬ የምንለው ዋልያን ነው፣ ቀይ ቀበሮን ነው፤ የምንሳሳለትን ነው። «እምብዛም የማይታይ» ቢባል ይሻለኛል። ትክክለኛውም እሱ ይመስለኛል። እምብዛም የማይታየው ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ የሚያየው ዓይን ስላነሰም ነው። አዲስ አበባ ስለምኖር ነው ሁለተኛ ፓቶሎጂስት ጋ በታክሲ የደረስኩት። ከተማዋ ውስጥ አንድም ፓቶሎጂስት በሌለበት ቦታ የምትኖር ሴት እጢዋ ተቆርጦ እንኳ ቢወጣ የሚያነበው ሰው ዘንድ እስኪደርስ ስንት ሳምንት ይፈጃል? በዚያ ላይ ምርመራው ይከፈልበታል። የቲቢው መድኃኒት ግን ነፃ ነው። ስለዚህ ስንቱ ኪኩቺ 6 ወር የቲቢ መድኃኒት ወስዶ፣ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ፣ «ቲቢ ነበረብኝ፣ ድኛለሁ» ብሎ እንደሚኖር አስባለሁ። እነሱስ ዳኑ። የማዝነው ሊምፎማው በቲቢ ስም ጊዜ ለሚበላበት ሰው ነው።

የኔ ነገር ጨርሶ አልተዘጋም። ኪኩቺ ከሉፐስ ጋር ዝምድና አለው። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ከኪኩቺ በፊት፣ አንዳንዱ ላይ አብሮ፣ አንዳንዱ ላይ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ሐኪሜ ያን ሁሉ ስለ መገጣጠሚያና ስለ ሽፍታ የጠየቁኝ ለዚህ ነበር። በየ6 ወሩ ለምርመራ ደም እሰጣለሁ። እስካሁን ነጻ ነኝ። ፀጉሬን ስታጠብ ጣቴ ሳላዘው ወደዚያ ቦታ ይሄዳል። ቀጭን ጠባሳ አለ። ከሱ ሥር ምንም የለም። ለማረጋገጥ በሌላኛው በኩልም እዳብሳለሁ።

ባለፈው ክረምት እትዬ በር አንኳኩ። የወንድማቸው ልጅ ከገጠር መጥታ እሳቸው ጋ ትኖራለች፤ 19 ዓመቷ ነው። አንገቷ አብጧል። «አንቺ ታውቂበታለሽ፤ እስቲ እያት» አሉኝ። ሐኪም አይደለሁም አልኳቸው። ግን አብሬያት ሄድኩ። ወረፋ ያዝኩላት። ካርድ አወጣሁላት። በመርፌ ሲወስዱላት እጇን ያዝኩ። መንገድ ላይ የኪኩቺን ነገር ሁሉ ነገርኳት፤ እንዳትፈራ ብዬ፣ ምናልባት የሷም እሱ ይሆናል ብዬ።

ቲቢ ነበር። ጂን ኤክስፐርቱ በግልጽ አወጣው። ለሷ መርፌው በቃ፤ አንገቷን መቅደድ አላስፈለገም። በማግስቱ መድኃኒት ጀመረች። ወር ሳይሞላ ማተኮሱ ተዋት፤ እጢው መጉደል ጀመረ። እኔን ለሳምንታት ያንከራተተኝ ያው ክኒን እሷን ዓይኔ እያየ አዳናት።

አሁን አራተኛ ወሯ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማለዳ በራችንን ቀስ ብላ አንኳኩታ፣ እማዬ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ሽንቴ ቀላ» አለችኝ። አስገባኋትና ሻይ ቀዳሁላት፤ ከመደርደሪያው መጀመሪያ እጄ በገባው ብርጭቆ።